አነባበብ አለው፦ የሆረር ልብ ወለድን ለማንበብ ለሚፈልጉ ወጣቶችና አዋቂዎች ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ በጋዜጣ የተለበጠ መጽሐፍ ጃኬቷ ውስጥ ሸጉጣ አራት ኪሎ ወዳለው ቤቴ መጣች። 16 ዓመቷ ነው። ቡናው እስኪፈላ ዝም ብላ ቆየችና «ጋሼ፣ እማዬ ይሄን ሳነብ አይታኝ ‹ሰይጣን ትጠሪብናለሽ› አለችኝ። እውነት መጽሐፍ ሰይጣን ይጠራል እንዴ?» አለች።

እናቷ የተናገረችው ልጇን ስለምትወድ ነው። ልጅቷም መጽሐፉን የደበቀችው ስለወደደችው ነው። እኔ ደግሞ ከጉርምስናዬ ጀምሮ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ፣ ማለትም ሆረር የሚባለው አንባቢን ለማስፈራት የሚጻፍ ልብ ወለድ፣ አንባቢ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር እየተሰበሰብን እናነባለን። የዚያን ቀን መልሴ አጭር ነበር፤ «አይጠራም፤ ግን አነባበብ አለው» አልኳት። አነባበቡን ቁጭ ብዬ ላስረዳት ቃል ስለገባሁ እነሆ ጻፍኩት። ዕድሜያቸው 13 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች፣ ለወላጆቻቸው፣ እንዲሁም ዘግይተው መጀመር ለሚፈልጉ አዋቂዎች ይሆናል።

1. የምትፈልጉትን የፍርሃት ዓይነት ለዩ

ሚጥሚጣም በርበሬም ያቃጥላሉ፤ ግን አንዱን በሌላው ቦታ የሚጨምር የለም። ሆረርም እንዲሁ ነው። መንፈሱ ወይም ጭራቁ በእርግጥ የሚመጣበት ታሪክ አለ። መንፈስ ይሁን የሰውየው ጭንቀት እስከ መጨረሻው የማይለይበት አለ። ምንም መንፈስ የሌለበት፣ ክፋቱ በሙሉ ከሰው ልጅ የሚመነጭበትም አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህኛው ነው። ደም መጣጩ ቫምፓየርና አስማተኛው ለጀብዱና ለፍቅር ማጣፈጫ የሚሆኑበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለወጣቶች ይጻፋል።

ጀማሪ ወጣት ከመጨረሻው ዓይነት ቢጀምር ጥሩ ነው። ጀማሪ አዋቂ ግን ከሁለተኛው ዓይነት አጭር ልብ ወለድ ይፈልግ።

2. በመጀመሪያ የቤታችሁን ፍርሃት መዝግቡ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ትልቁ ስንቅ ያለው ግን እዚህ ነው።

እኛ ቤት ልጅ ሳለን ሦስት ክልከላ ነበር። ማታ ማፏጨት አይቻልም። ማታ የተጠረገ ጥራጊ ወደ ውጭ አይጣልም። ቀትር ላይ ወደ ግንፍሌ ወንዝ አይወረድም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙም ግድ አልነበረኝም። ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ጥላ እግር ሥር ሲሰበሰብ፣ ውሻው ሁሉ ሲተኛ እናቴ ከበራፉ ሆና ስማችንን እየጠራች ታስገባን ነበር። ለምን እንደሆነ አትነግረንም። አለመናገሯ ነው ያስፈራን።

በኋላ የውጭ አገር መጻሕፍትን ማንበብ ስጀምር ነገሩ ሁሉ እኩለ ሌሊት ላይ ሲሆን ገረመኝ። የእኛ ፍርሃት ሁለት ሰዓት አለው፤ አንዱ ሌሊት፣ ሌላው ቀትር። በመዝሙረ ዳዊት 90ኛው መዝሙር፣ በጨለማ ከሚሄደው ክፉ ነገር ጋር «የቀትር ጋኔን» አብሮ ተጠቅሷል። ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ደራሲ ጭር ያለ እኩለ ቀንን ሲስል አዲስ አበቤ አንባቢ ሌላው የማይሰማውን ይሰማል። ይህን ቅርስ ይዞ ማንበብና ሳይዙ ማንበብ በጣም ይለያያል።

እንግዲህ ወረቀት አውጡና ጻፉ። በቤታችሁ የነበሩ ሦስት ክልከላዎች፣ በሰፈራችሁ ማንም በምሽት የማያልፍበት አንድ ቦታ፣ ከልጅነታችሁ የምታስታውሱት አንድ ድምፅ። ጅብ ሊሆን ይችላል፤ በእንጦጦ ግርጌ ያደገ ሰው ሌሊት የጅብ ጩኸት እየሰማ ነው ያደገው። ከዚያ በቤቱ ውስጥ በዕድሜ ትልቅ የሆነውን ሰው ጠይቁ። ቡዳን፣ ዛርን፣ ዓይነ ጥላን፣ ቆሌን እንዴት እንደሚለዩአቸው ይንገሯችሁ። በስልክ ቅዱት። አያቶች «ተረት ተረት» ብለው ሲጀምሩና «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ሲጨርሱ ለፍርሃቱ በር እየከፈቱና እየዘጉ ነው። እናንተም ስታነቡ እንዲህ ያለ መክፈቻና መዝጊያ ይኑራችሁ። እኔ መጽሐፉን ዘግቼ ሁልጊዜ ቡና ወይም ሻይ አፈላለሁ።

3. መጽሐፉን ፈልጉ፤ ሳትገዙም መርምሩ

በመሐል ከተማው የመጀመሪያው ምንጭ አዟሪው ነው። እስከ አገጩ የደረሰ የመጽሐፍ ክምር በክንዱ ታቅፎ ካፌ ለካፌ ይዞራል። «የሚያስፈራ ነገር አለህ?» ስትሉት ክምሩን ሳያፈርስ ከመሐል አንዱን መዝዞ ይሰጣችኋል። ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ትያትር ባለው መንገድ፣ በአራት ኪሎና በሜክሲኮ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግተው የሚሸጡ ነበሩ፤ የመንገድና የልማት ሥራው ብዙዎቹን ከቦታቸው አንሥቷቸዋል። ስለዚህ አንድ ደንበኛ ያዙ፣ ስልኩንም ተቀበሉት። የምትወዱትን ካወቀ በኋላ ራሱ ይደውልላችኋል።

መግዛት ለማይችል ቤተ መጻሕፍት አለ። ብሔራዊ ትያትር አቅራቢያ ያለው ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን በአገር ውስጥ የሚታተሙ መጻሕፍት ቅጂ በሕግ ስለሚገባበት፣ ከገበያ የጠፋ አማርኛ ልብ ወለድ ለመፈለግ የመጀመሪያው ቦታ ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ተከፍቷል። እንግሊዝኛ የሚያነቡ ደግሞ የደራሲ መብታቸው ያለፈባቸውን የቆዩ የጎቲክ (በአሮጌ ግንብና በምሥጢር የተሞሉ አስፈሪ) ልብ ወለዶች ከፕሮጀክት ጉተንበርግ በነፃ በስልካቸው ማውረድ ይችላሉ።

አሮጌ መጽሐፍ ስትገዙ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ገልብጡ። አታንብቡት፤ ቅጠሉ መኖሩን ብቻ እዩ። አንድ ጊዜ 300 ገጽ የሚሆን መጽሐፍ በሁለት ሌሊት አንብቤ፣ በሩ ሊከፈት ሲል የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ተገንጥለው አገኘኋቸው። ከበሩ ጀርባ ምን እንደነበረ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ትርጉም ከሆነ ሦስት ነገር ተመልከቱ። የመጀመሪያው ደራሲ ስም ተጽፏል? «ትርጉም» ነው ወይስ «ውርስ ትርጉም»? ውርስ ትርጉም ከሆነ ተርጓሚው ገጸ ባሕርያቱንና ቦታውን ወደ እኛ አምጥቶ ሊሆን ስለሚችል እንደ ሌላ መጽሐፍ ቁጠሩት። ሦስተኛው የሰዓት ፈተና ነው። የውጭው መጽሐፍ መንፈሱን በእኩለ ሌሊት ሲያመጣ ሰዓቱ 12 ይደውላል። ተርጓሚው ይህን «ከሌሊቱ 12 ሰዓት» ብሎ ከጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነግቷል፤ አውራ ዶሮ ጮኋል፣ ቅዳሴ የሚሄደው ሄዷል። «ከሌሊቱ 6 ሰዓት» ብሎ ያስተካከለ ተርጓሚ ስለ አንባቢው ያሰበ ነውና በሌላውም ነገር ልታምኑት ትችላላችሁ።

4. ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት

ይህን የምለው ስለተሳሳትኩ ነው። ለ12 ዓመት ልጅ፣ ሽፋኑ ላይ ልጆች ስላሉ ብቻ ያላነበብኩትን መጽሐፍ ሰጠሁት። በመጽሐፉ ውስጥ አባት ልጁን ያሠቃያል። ልጁ ለሳምንት ያህል መብራት ሳይበራ አልተኛም። ያስፈራው መንፈሱ እንዳይመስላችሁ። «አባት እንዲህ ያደርጋል ወይ?» እያለ ነበር የሚጠይቀው።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃትንና ጭካኔን ለያይቼ አያለሁ። ፍርሃት በልክ ሲሆን 13 ዓመት የሞላው ልጅ በአብዛኛው ይችለዋል፤ ይደሰትበታልም። በዝርዝር የተጻፈ ማሠቃየት፣ አስገድዶ መድፈር፣ ራስን ማጥፋት ያለበት ግን ለአዋቂ ይቆይ፤ በዕድሜ ከፍ ላለው ወጣትም አብሮት ከሚነጋገር ሰው ጋር እንጂ ብቻውን አይሰጠው። ሌላው የልጁ ወቅታዊ ሁኔታ ነው። ቤት ውስጥ ሐዘን ካለ ሙታን የሚመለሱበትን ታሪክ አርቁለት። የአዋቂም ሐዘን እንደዚያው ነው፤ እኔ አባቴ ባረፈ ዓመት አንድም አላነበብኩም።

እምነት ያላቸው ወላጆች የሚሰጉትን ስጋት አታቃልሉባቸው። የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ፣ ለእናቷ ጋዜጣውን ገልጬ ሽፋኑን አሳየኋት፤ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ስለ አጋንንት የሚተርክ መጽሐፍና አጋንንትን ለመጥራት የሚያስተምር መጽሐፍ አንድ እንዳልሆኑ ተነጋገርን። «ድግምት የሚያስተምር ካልሆነ ሳሎን ተቀምጣ ታንብበው» አለች። መደበቁ ቀረ። አንድ ልጅ ብቻውን ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኖ የሚያነበው ፍርሃት ሳሎን ከሚያነበው እጥፍ ይሆናል።

5. ሰዓቱንና ፍጥነቱን ወስኑ

ለጀማሪ የመጀመሪያው ምዕራፍ በቀን ይነበብ። ቤቱን፣ ሰዎቹን፣ የአነጋገር ዘያቸውን በብርሃን ከለመዳችሁ በኋላ ማታ ስትመለሱ የሚያስፈራችሁ ነገሩ እንጂ ግራ መጋባቱ አይሆንም።

አጭር ልብ ወለድ ከሆነ በአንድ መቀመጫ ጨርሱት። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 አጭር ታሪክ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ የሚያልቅ መሆን እንዳለበት ጽፏል፤ በመሐል ከተነሣችሁ የተሰበሰበው ስሜት ይበተናል ብሎ ያምን ነበር። ስልኩን አጥፉ። ረጅሙን ግን በምዕራፍ በምዕራፍ አንብቡ፤ ምዕራፍ መሐል ላይ አትተኙ።

ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ክረምት ሲሆን፣ መብራት ሲጠፋ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አንድ ሰው በሻማ ብርሃን ሲያነብ ሌሎች ቢያዳምጡ ከዚያ የተሻለ የሆረር ንባብ አላውቅም።

6. ፍርሃቱ እንዴት እንደተሠራ ተመልከቱ

እነዚህን ሁለት አጻጻፎች አነጻጽሩ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

«ወደ ቤት ስገባ አንድ እጅግ አስፈሪ መንፈስ ሳሎኑ መሐል ቆሞ አየሁ። በድንጋጤ ደርቄ ቀረሁ።»

ሁለተኛው ደግሞ፦

«የእናቴን አርባ አውጥተን ማታ ብቻዬን ተመለስኩ። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። ሲኒዎቹ ታጥበው ረከቦቱ ላይ ተደርድረዋል። ሁለት ናቸው። ጀበናው ይሞቃል።»

በሁለተኛው «አስፈሪ» የሚል ቃል የለም። መንፈስም የለም። ያለው በየቤታችን በየቀኑ የምናየው ረከቦት ነው፤ አንድ ሲኒ ብቻ ቢሆን ጎረቤት ነው እንላለን፤ ሁለት መሆኑ ግን አንዱ ለእኛ እንደተቀመጠ ይነግረናል። ስታነቡ እርሳስ ያዙና «ፈራሁ» ያላችሁበትን መስመር ሳይሆን ከዚያ በፊት ያሉትን አምስት መስመሮች አስምሩባቸው። ፍርሃቱ የተሠራው እዚያ ነው።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የራሱ መሣሪያ አለው። «በሩ ተከፈተ» ስንል ራሱ ተከፈተ ይሁን ሰው ከፈተው ግሱ አይለይም። «ተከፈተ»፣ «ተጠራ»፣ «ተሰማ» የሚሉ ግሦች አድራጊውን ደብቀው ያልፋሉ። ጎበዝ ደራሲ እነዚህን የት እንዳስቀመጠ ፈልጉ። በሌላ በኩል ቋንቋችን የሚያጋልጠው ነገር አለ። እንግሊዝኛ ወንድም ሴትም ያልሆነውን ነገር ለብቻው የሚጠራበት ተውላጠ ስም ስላለው ያ ነገር ምን እንደሆነ ለ20 ገጽ መደበቅ ይችላል። እኛ ግን «ገባ» ወይም «ገባች» ማለት አለብን። ተርጓሚው ያለ ቦታው «ገባች» ካለ ምሥጢሩ በአንዲት ፊደል ወጣ። በቅዳሜው ንባባችን እንዲህ ያለ ቦታ ስናገኝ ቆም ብለን እንዴት ሊያልፈው ይችል እንደነበር እንሞክራለን፤ «ነገሩ»፣ «ያ»፣ ወይም «ኮቴ ተሰማ»። ወጣቶቹ ሰዋስው የሚወዱት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

7. ማን ይናገራል? ማን አይናገርም?

ከሁሉ በላይ እንድትይዙት የምፈልገው ይህን ጥያቄ ነው።

ፍራንከንስታይን የተባለው ልብ ወለድ የተጻፈበትን ሁኔታ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1815 በኢንዶኔዥያ ያለው ታምቦራ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱና ጋዙ ፀሐይን ጋርዶ በተከታዩ ዓመት አውሮፓ በጋ አጣች። በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ዝናብ ቤት ያዋላቸው ወጣቶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የመናፍስት ታሪክ ለመጻፍ ተስማሙ። ከእነሱ አንዷ፣ የመጽሐፉ ደራሲ ሜሪ ሼሊ፣ ያን ጊዜ 18 ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ በ1818 ለንደን ውስጥ ስሟ ሳይጻፍበት ታተመ። ለወጣቶች ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ የሚገርማቸው ዕድሜዋ ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ በመጽሐፉ መሐል ጭራቅ የተባለው ፍጡር ራሱ እንዲናገር ተደርጓል። ስም እንኳ የለውም፤ ፍራንከንስታይን የሠሪው ስም ነው። ሲናገር ግን ሠሪው ጥሎት እንደሸሸና ሰው ሁሉ ፊቱን አይቶ እንዳባረረው እንሰማለን። ስታነቡ የሠሪውን ትረካና የፍጡሩን ትረካ በሁለት ዓምድ ጻፉና አስተያዩ።

እ.ኤ.አ. በ1897 የታተመው ድራኩላ የተባለው የቫምፓየር ልብ ወለድ በተቃራኒው ነው። ታሪኩ የተገነባው በማስታወሻ ደብተር፣ በደብዳቤ፣ በቴሌግራምና በጋዜጣ ቁራጭ ነው። ከአሳዳጆቹ ብዙዎቹ ማስታወሻ ይጽፋሉ። ከምሥራቅ የመጣው እንግዳ፣ ቫምፓየሩ ድራኩላ፣ ግን የራሱ ማስታወሻ የለውም፤ የምናውቀው በሚፈሩት ሰዎች ዓይን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የቡዳን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምተናል? ሌሊት ጅብ የሚሆነው፣ በዓይኑ የሚበላው ሰው። በታሪኩ ውስጥ እሱ ሲናገር ሰምታችኋል? ይህ ስም ሲለጠፍ የኖረው በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በባለእጁ ላይ ነው። ከፒያሳ ብዙ በማይርቀው በቀጨኔ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪዎች በዚህ ስም ምክንያት ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ቡና የምናፈላበት ጀበና የተሠራው በእነዚህ እጆች ነው። ስለዚህ ቡዳ ያለበት ልብ ወለድ ስታነቡ፣ ደራሲው ያንን ሰው አንድ ገጽ እንኳ ያናግረው እንደሆነ ፈልጉ። ካላናገረው፣ መጽሐፉን ሳትዘጉ እናንተ አንድ አንቀጽ በእሱ አፍ ጻፉለት።

8. ካነበባችሁ በኋላ ተነጋገሩ

ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል። በጣም ያስፈራችሁን ሳይሆን በማግሥቱ ጠዋት ያስታወሳችሁትን ተነጋገሩ። ፍርሃቱ ሌሊት ካልለቀቃችሁ መጽሐፉን ከመኝታ ክፍል አውጡት፤ ታሪኩን ለአንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተርኩለት፤ ስትተርኩት ይቀላል። አንድ ልጅ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ እሰማለሁ ካለ ግን ጥፋቱን በመጽሐፉ ላይ ጥላችሁ አትቀመጡ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት።

9. አንድ ገጽ ጻፉ

በሁለተኛው ደረጃ ላይ የመዘገባችሁትን ወረቀት አውጡ። ከክልከላዎቹ አንዱን ምረጡና፣ አንድ ሰው ክልከላውን የጣሰበትን ቀን ጻፉ። «አስፈሪ»፣ «ዘግናኝ»፣ «ሰቅጣጭ» የሚሉ ቃላት የተከለከሉ ናቸው። ሰዓቱ በአዲስ አበባ ሰዓት ይሁን፣ መንገዱም የምታውቁት መንገድ ይሁን።

የእህቴ ልጅ የጻፈችው «ቀትር ላይ ከወንዙ በኩል ስሜ ተጠራ» ብሎ ይጀምራል። ግማሽ ገጽ ከሄደች በኋላ አቆመችው። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትታው ትምህርት ቤት ሄደች። ማታ ስትመለስ እናቷ ወረቀቱን ይዛ በራፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻትና፣ «ከዚያስ?» አለቻት።